መብራት የማይበላው ቢሮ

ይህን ማውራት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆዴ አልችል ብሎኝ ነውና ይቅር በሉኝ።

ሠራተኛው የሳምንቱን ግማሽ ከቤቱ ሆኖ እንዲሠራ በተፈቀደ ማግስት፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳነወርቅ ለአካባቢ ተስማሚ ነው ያሉትን ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ የመስታወት ሕንፃ ሊከራዩ ስብሰባ ጠሩ። ሁሉም አጨበጨበ። ወለል ስትወለውል የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ ግን ሳቋ አመለጣት።

“ምን ያስቅሻል አንቺ? እንግዲያው መብራት የማይበላ፣ ውኃ የማይጠጣ፣ የመጣውንም የቀረውንም እኩል የሚይዝ ቢሮ አሁኑኑ ንገሪኝ! አለዚያ መወልወያሽን አስረክበሽ ውጪ!”

የሦስት ልጆቿ እንጀራ ያለው በዚያ መወልወያ ላይ ነው። ቢሆንም ምላሷ ቀደማት።

“ጌታዬ፣ አንድ ቁም ሣጥን ይበቃናል። እዚህ ቤት ድሮም ሥራ የሚውለው ኮቱ ነው፤ ባለቤቱማ ወንበሩ ላይ ሰቅሎት ይወጣል። የእርስዎን ኮት ከጥምቀት ጀምሮ አቧራውን የማራግፍለት እኔ ነኝ፤ እኔን ካባረሩ ማን ሊያስታምመው ነው?”

አቶ ልሳነወርቅ ሳያስቡት ትከሻቸውን ዳሰሱ፤ በሸሚዝ ናቸው። መወልወያው እሷው እጅ ቀረ።

አደራ፣ ለማንም እንዳትነግሩ፤ ኮቶቹ ከሰሙ የዓመት ፈቃድ ይጠይቃሉ።