ተራ አስከባሪው በድንገተኛ ክፍል በር

አንድ ሰው ነበረ፤ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ግራ እጁን በሻርፕ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በቀኝ ጡጫው በሩን ይደበድባል። «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ! ከእኔ በኋላ የመጣ አራት ሰው ገባ! እዚህ ግቢ ሕግ የለም እንዴ?» ይላል።

ውብርስት ልጄ፣ ስሚኝ። «አባዬ፣ እኔ ቀድሜ እየጠራሁህ ለምን ወደ ታናሼ ሄድህ?» ብለሽ ሦስት ጊዜ ጠይቀሽኛል። ሦስቴም ወሬ ቀየርሁብሽ። ማስረዳቱ ታከተኝ። ዛሬ ግን የዚህን ሰው ነገር ልንገርሽና ይብቃን።

ሰውየው የሚኒባስ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ቆሞበታል። ቀድሞ የመጣ መኪና ቀድሞ ይጭናል፣ ኋላ የመጣ ኋላ ይጭናል፣ አለቀ። የትልቅ ሰው ዘመድ ነኝ ያለውን ሹፌር ከመሃል አስወጥቶ ጭራ ላይ ያሰለፈ ሰው ነው፤ ለዚህም ይከበራል። የዚያን ቀን ጠዋት የሚኒባስ በር ሁለት ጣቱን ጨፈለቀውና ሆስፒታል መጣ። እጁ ይጠዘጥዘዋል። ውሸት የለበትም፤ ሕመሙ ሕመም ነው።

በሩ ተከፈተና ሲስተሯ ብቅ አለች። የእሷ ሥራ መለየት ነው። የመጣውን ሁሉ ታያለች፣ የደም ሥሩን ይዛ ታዳምጣለች፣ ትንፋሹን ትቆጥራለች፣ ከዚያ ባለ ቀለም ወረቀት ትሰጠዋለች። ቀይ የያዘ አሁኑኑ ይገባል። ቢጫ የያዘ ይቆያል። አረንጓዴ የያዘ ብዙ ይቆያል። ለተራ አስከባሪው ቢጫ ሰጥታዋለች።

«ወንድሜ፣ በሩን ብትሰብረውም ያው ነው» አለችው። «ውስጥ ያሉት ሁለት ሐኪሞች ናቸው።»

«ስንተኛ ነኝ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«እዚህ ስንተኛ የሚባል ነገር የለም።»

«ቁጥር የሌለው ተራ! ጉድ እኮ ነው!» ብሎ ወደ ሰዉ ዞረ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀለት። ቁርጭምጭሚቷ ወለም ያላት አንዲት ሴትዮም «እውነቱን ነው፤ እዚሁ ሥር ልንሰድ ነው እኮ» አለች።

ይህን ሲባባሉ ሁለት ገበሬዎች ገቡ፤ ወንድማማች ናቸው። ታላቁ ታናሹን ደግፎታል። ታናሹን በቅሎ ሆዱ ላይ ረግጣዋለች። ደም አይታይበትም። አይጮኽም። «ውኃ» ብቻ ይላል፣ እሱንም በሹክሹክታ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። ሲስተሯ እጁን ያዘች፣ ሆዱን ዳሰሰች፣ ፊቷ ተለወጠ። ቀይ ወረቀት አስጨብጣ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ታላቁን «ውኃ እንዳትሰጠው። ከዚህ ወንበር እንዳይነሳ። አልጋ ይዤ መጣሁ» አለችውና ወደ ውስጥ ሮጠች።

ተራ አስከባሪው ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። አሁን የመጣ ሰው፣ የፊተኛው ወንበር!

«ስንት ሰዓት ነው የመጣችሁት?» አለ።

«አሁን ነው ጋሼ፤ አሁን መግባታችን ነው» አለ ታላቁ።

«ይኸው ይሄ ሁሉ ሰው ከጠዋት ጀምሮ አለ። ወፍጮ ቤት ስትሄድ ኋላ መጥተህ እህልህን ፊት ታስቀምጣለህ?»

ታላቁ አፈረ። ወፍጮ ቤት እንደዚያ አድርጎ አያውቅም። «ሲስተሯ ተቀመጡ ብላን ነው እንጂ...»

«እኛንስ ጨፍሩ አለችን? ተቀመጡ ነው ያለችን!»

ሰዉ ሳቀ። ያ ወንድም የዚያን ጊዜ እንቢ ቢል ምናለ! እንቢ አላለም። የሰው ተራ መውሰድ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ጨዋ ነው። ታናሹን በብብቱ ገብቶ አነሳው። ተራ አስከባሪውም በደኅና እጁ አገዘው፤ ክፉ ሰው እኮ አይደለም። በረንዳውን ዞረው ከግድግዳው ጥግ፣ ከሁሉም ኋላ አስቀመጡት። ከዚያ ተመልሶ ሰዉን እንደ አመጣጡ ደረደረ። «አንቺ ወንበሩ ላይ፤ አንደኛ ነሽ። እኔ ካንቺ ቀጥሎ። አባት፣ እርስዎ እዚህ።» ለራሱ እንኳ አላዳላም። ባንድ አፍታ ሰልፉ ቀጥ አለ። የጣቱ ሕመምም ትንሽ ቀለል ያለው መሰለው።

ሲስተሯ ከአንድ ሠራተኛ ጋር ባለ ጎማ አልጋ እየገፋች ወጣች። ወንበሩ ላይ ያለችው ወለም ያላት ሴትዮ ናት።

«እዚህ የነበረው ሰውዬ የታለ?»

«ወደ ተራው መልሼዋለሁ» አለ ተራ አስከባሪው፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«ወዴት?»

«ወደ ኋላ ነዋ። መጨረሻ የመጣ እሱ ነው።»

አንድ ጊዜ አየችው። ስድብ ጠብቆ ነበር፤ አልሰደበችውም፤ ለስድብ የሚሆን ጊዜ አልነበራትም። «የቱ ጋ? አሳየኝ! የቱ ጋ?» እያለች አልጋውን እየገፋች ሮጠች። እሱም ከኋላዋ ሮጠ።

ገበሬው ከግድግዳው ተንሸራቶ በጎኑ ወድቋል። ወንድሙ «ደክሞት ነው፤ ተኛ» ይላል። እንቅልፍ አልነበረም። ሲስተሯ ጉንጩን መታ መታ አደረገችው፣ ጠራችው፤ አይመልስም። አንገቱ ላይ ጣቷን አሳርፋ የደም ሥሩን ፈለገች። 

«አለ። አንሡት!» አለች።

አነሱት። በሩ ተከፈተ፣ በሩ ተዘጋ።

ሰልፉ ፈረሰ። ማንም አላፈረሰውም፤ በራሱ ፈረሰ። ሴትዮዋ እግሯ እያመማት ከወንበሩ ተነሥታ ቆመች። ታላቅ ወንድሙ ቀይዋን ወረቀት ከወደቀችበት አንሥቶ አገላበጣትና ለተራ አስከባሪው ዘረጋለት። «ጋሼ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ምን ትላለች?» አለው። ወረቀቷ ላይ የተጻፈ አልነበረም። ቀይ ብቻ ናት። 

ብዙ ቆይታ ሲስተሯ ወጣች። ወንድምየውን ፈልጋ «ሆዱ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር» አለችው። «ቀዶ ሕክምና ገብቷል፤ ደም እየሰጡት ነው። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ አናገኘውም ነበር። አሁን ተስፋ አለው።» ወንድምየው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ተራ አስከባሪው ቢጫ ወረቀቱን ይዞ ተጠጋት። «ሲስተር፣ አረንጓዴውን ስጪኝ። እዚህ ካለው ሰው ሁሉ ኋላ ልግባ፤ ይገባኛል» አላት።

«ኡፍ! አሁንም ልትደረድር ነው?» አለችው። ሌላም ቃል ጨመረችለት፤ እደርስበታለሁ።

ውብርስት፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ፊትሽን አታጥቁሪብኝ። የቤትሽ ቆርቆሮ ያፈሳል፣ አውቃለሁ። ባልሽ ለሥራ እንደ ወጣ ነው፣ ባልዲ ደቅነሽ ታድሪያለሽ፣ አውቃለሁ። ቀድመሽ ጠርተሽኛል፤ ልክ ነሽ። ታናሽሽ ምንውዬለት ግን አልጠራኝም። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ማንንም አልጠራም። ጎረቤቱ ነው «ልጅህ በሩን አይከፍትም፤ ከብቶቹ ውኃ ካዩ ሁለት ቀናቸው ነው» ብሎ የላከብኝ። ስደርስ እሳት ከጠፋበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። «አባዬ መጣህ?» እንኳ አላለኝም። ቀዩ ወረቀት በማን እጅ እንደነበረ አሁን ይገባሽ እንደሆነ እንጃ።

አንቺ ግን አጎትሽን ልከሽ ከአጠገቡ ልታስነሺኝ ሞከርሽ። «የመጀመሪያ ልጁ እኔ ነኝ» ብለሽ በዘመድ ፊት ደረደርሽን። እሱ ያለበትን ስትሰሚ ደግሞ «እንግዲያው ተወኝ፤ ካንተ ምንም አልፈልግም» ብለሽ አኮረፍሽ። ይህም ያው መደርደር ነው፣ ልጄ! ቆርቆሮሽን እመታልሻለሁ። ምንውዬለት በራሱ እጅ እህል የቀመሰ ቀን መዶሻዬን ይዤ እመጣለሁ።

እኔ ከዚህ የተሻለ ንግግር አላውቅም። ሲስተሯ ለዚያ ሰው በመጨረሻ ያለችውን ውሰጂው፤ «ተራውን አንተ አትሰጥም፤ ለራስህም ቅጣት አታወጣም። ጣትህ እንደሚያምህ አይቻለሁ። ግን ቆመህ ስትጣላኝ ሳይ ልቤ ያርፋል፤ ለመጣላት ትንፋሽ አለህ። አልረሳሁህም። ተቀመጥ፤ እመጣለሁ።»