ተገልብጦ የተመለሰው ንድፍ

ተማሪዋ ስክሪኗን በክንዷ እንደከለለች ጠየቀች። «መምህርት፣ ፋይሉ ያለው ሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ፣ እኔ ጋ የሚታየኝ ምንድን ነው? ወደ ራሴ ገልብጬ ብሠራበትስ ምን ይጎዳል?»

መምህርቷ እንዲህ ስትል ጀመረች።

አንዲት ሴት ነበረች። በአንድ የውኃ ሥራ መሥሪያ ቤት የቧንቧ መስመር ንድፍ ትሠራ ነበር። የንድፉ ፋይል የሚቀመጠው በዋናው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ሁሉም ከየጠረጴዛው ይከፍተዋል። ኮምፒውተሮቹ ለየቅል ናቸው። የእሷ አዲስ ነው፤ ሩቅ ወረዳ ያለው ቀያሽ የሚሠራበት ደግሞ አሮጌና ስሪቱም ሌላ። ሆኖም ሁለቱም ያንኑ ንድፍ እኩል ያዩታል። ነገሩ ይገርማት ስለነበር መጀመሪያ ሰሞን ጥግ ላይ አንዲት ነጥብ ታኖርና ትደውልለታለች።

«ጋሼ፣ ታየችዎት?»

«ታየችኝ! ዝንብ መስላኝ ልጠርጋት ነበር።»

ሴትዮዋ ግን ዓይን አፋር ነበረች። መስመር ስታጣምም፣ ስትሰርዝ፣ ደግማ ስትጀምር ሰው ሁሉ የሚያያት ይመስላታል። ስለዚህ ለማንም ሳትነግር ፋይሉን ወደ ራሷ ኮምፒውተር ትገለብጣለች፤ ብቻዋን ስታስተካክል ትሰነብታለች፤ ሲያምርላት በዚያው ስም ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። «እንዴት ያለ ንጹሕ እጅ ነው!» ሲሏት አንገቷን ትደፋለች። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

አንድ ጊዜ ንድፉን ገልብጣ ይዛ ሳለ፣ ቀያሹ የመንደር ሽማግሌዎች ለምነውት በዋናው ፋይል ላይ መስመሩን ከመቃብር ቦታቸው አዞረ። እሷ ይህን አላየችም። የራሷን ቅጂ ስትመልስ የእሱ እርማት ጠፋ። ቆፋሪዎቹ ሊወጡ ሲሰናዱ ስልክ ተደወለ።

«መስመሩ ተመልሶ መቃብሩ ላይ ወጥቷል! ማነው የነካው?» አለ ቀያሹ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሁሉም እየሰማ መለሰለት። «ጋሼ፣ የሚያምሰን ያ አሮጌ ኮምፒውተርዎ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከኔትወርኩ ይውጣ።»

ሴትዮዋ ዝም ብትል ምስጢሯ እንደተሸፈነ ይቀራል፤ ሰውየው ግን ከሥራው ይነጠላል። ፊቷ ቀልቶ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ኮምፒውተራቸው አይደለም። እኔ ነኝ» አለች፤ ሁሉንም ተናገረች።

ኃላፊው ቁፋሮውን አስቆመ። እሷም ቅጂዋን አጥፍታ ዋናውን ፋይል ከፈተች፤ ሁሉም በየስክሪኑ እያያት መስመሩን መሳብ ጀመረች። የመጀመሪያዋ መስመር ተጣመመች።

«ያቺ የተጣመመችው ምንድን ናት?» አለ ቀያሹ በስልኩ።

«እጄ ነው፣ ጋሼ።»

«አይዞሽ፣ የኔም እንደዚያው ነው። ይልቅ ትንሽ ከመቃብሩ ራቅ ብሎ ወዳለው ዋርካ ሳቢያት።»

ሳበቻት፤ መቃብሩ ነጻ ወጣ።

መምህርቷ ወደ ተማሪዋ ዞረች። «ስክሪንሽ ላይ የሚታየው ያው ራሱ ፋይል ነው፤ ካለበት ሳይነሣ በመስኮትሽ በኩል ታይዋለሽ። ቅጂሽ ግን እንደ ፎቶግራፍ ነው፤ ከተነሣ በኋላ ሌላው የሠራውን አያውቅም። ያቺ ሴት ፎቶግራፏን አምጥታ የሁሉንም መስኮት ደፈነችበት። ጠማማ መስመሯን ልትደብቅ ብላ የሰውየውን ቀና መስመር አጠፋች። አንቺም ገልብጠሽ ብትሠሪ እንደዚያው ታደርጊያለሽ። በይ ክንድሽን ከስክሪኑ ላይ አንሺ፤ ጠማማውም ይታይ።»