የአንጓች ልጅ እና ሦስቱ አድማጮች

በአንድ ወቅት፣ ክረምት በገባ ቁጥር ወንዝ ሞልቶ መውጫ መግቢያ በሚያሳጣት የድንጋይ ፈላጮች መንደር፣ አንጓች የምትባል እርጉዝ ሴት ነበረች። ባሏን ዓለምነውን ድንጋይ ሲፈልጥ ገደል ተንዶ ገደለው። መርዶውን ስትሰማ ጮኻ መሬት ላይ ተፈጠፈጠች፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ መራገጡን ተወ። ከባሏ የቀራት እሱ ብቻ ነበርና እጇን ሆዷ ላይ ጭና ትውላለች። ንቅንቅ የለም።

ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ሰው አያሻግርም። ስለዚህ የሟቹ ሦስት ወንድሞች «የልጁን የልብ ምት እዚሁ ቤት እናዳምጣለን» ብለው ተሰበሰቡ። እሷን የጠየቀ የለም። ተጋደሚ አሏት፣ ተጋደመች።

መጀመሪያ የቀረበው መካከለኛው፣ ሙሉቀን ነው። በወጣትነቱ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ስለነበረ ነርሶቹ የጣሏትን፣ ትንሽ ጡሩንባ የምትመስል የእንጨት ማዳመጫ ይዞ መጣ። አንዱን ጫፍ ሆዷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ከላይም፣ ከታችም፣ ከጎንም አዳመጠ። ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኗን እያየ ነገራት።

«አንጓች፣ አልዋሽሽም። ሞቷል። ሆድሽ ውስጥ ከሰነበተ አንቺንም ይዞሽ ይሄዳል። መውጣት አለበት።»

ቀጥሎ ታናሽየው፣ ቢተው መጣ። ቢተው ጠረፍ ከተማ ሠርቶ የተመለሰ ነው፤ በባትሪ የሚሠራ፣ የፅንስ ልብ የሚያሰማ መሣሪያም ይዞ ነበር። ድምፁ የሚሰማው ግን ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ለሰካው ሰው ብቻ ነው። ቢተው ሰካና እያንሸራተተ ቆየ። አንድ ቦታ ላይ እጁ ቀጥ አለ።

«ምን ይላል?» አለችው።

«የራስሽ ልብ ነው የሚሰማኝ። ሌላ የለም።»

«እስቲ ለእኔም አሰማኝ።»

«ባትሪው አለቀ» ብሎ ጠቀለለው።

ሙሉቀን ፅንስ ያስወርዳል የተባለ መራራ ሥር አስቀቅሎ በጣሳ አመጣ። አንጓች አላለቀሰችም፤ እንባዋን ለባሏ ጨርሳዋለች። ጣሳውን ተቀብላ ከንፈሯ ላይ አደረሰችው። ያኔ በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ታላቅየው፣ ገላው፣ ሰዉን ገፍትሮ ገባ። ገላው ለሰላምታ እንኳ መልስ የማይሰጥ፣ መንደሩ «ኩሩ» እያለ የሚያማው ድንጋይ ፈላጭ ነው። መሣሪያ ምናምን የለውም። ተንበርክኮ ጆሮውን ሆዷ ላይ ለጠፈና «አለ! በወንድሜ አጥንት፣ ይመታል!» ብሎ ጮኸ።

«እውነት ይሰማዎታል፣ ጋሼ?»

ከንፈር ከንፈሯን እያየ «እንደ ፈረስ ይጋልባል» አላት።

አንጓች ጣሳውን ግድግዳው ላይ ወረወረችው። በዚያው ቀን እህል ቀመሰች፤ ሌሊትም እንቅልፍ ወሰዳት። ሙሉቀንን «ገዳይ» ብላ ከቤቷ አስወጣችው። ገላው ሲመጣ ግን ብድግ ብላ ትቀበለዋለች፣ ጉልበቱን ልትስም ትቃጣለች።

ምጡ ያለ ጊዜው መጣ፤ ደሙም አብሮ መጣ። «ጋሼ ገላውን ጥሩልኝ!» ብላ ጮኸች። ገላው ከጎረቤት እኩል ወሬው ደርሶት ነበር፤ ተነሥቶ ወደ ጋራው ሸሸ። የመጣው የተባረረው ሙሉቀን ነው፤ የመጣው ያ ባትሪው ያለቀበት ቢተው ነው። ቢተው በነጠላ ጀርባው ላይ አሳሰራት፣ ገመድ ይዞም ወንዙ ውስጥ ገባ። መሐል ላይ ሲደርሱ ጎርፉ ያመጣው ግንድ እግሩን ሰበረው፤ እንዲያም ሆኖ አልጣላትም። ጤና ጣቢያው ስትደርስ ደሟ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ገመዱን ይዞ ተከትሏቸው የተሻገረው ሙሉቀን ክንዱን ዘረጋ። ሐኪሙ «ይበቃል» ሲለው «ገና ነኝ» እያለ፣ ራሱን ስቶ እስኪወድቅ ድረስ ደሙን ሰጣት።

ልጁ እያለቀሰ ተወለደ። ወንድ ነው። ቢተው እግሩን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ገላውም ልጁ በሕይወት መወለዱን ሲያውቅ ከጋራው ወርዶ እልል እያለ መጣ።

በዚያች መንደር አንድ ልማድ አለ፤ ጥሩ ልማድ ነው አልላችሁም። አባቱ የሞተበት ልጅ ክርስትና በተነሣ ዕለት እናቱ ከሟቹ ወንድሞች በአንዱ ጭን ላይ ታስቀምጠዋለች። ያ ሰው የልጁ አባት፣ የቤቱም ጌታ፣ የእሷም ባል ይሆናል። ፀሐይ እስክትጠልቅ ካልመረጠች ሽማግሌዎቹ ልጁን ወስደው ያሻቸው ዘንድ ያሳድጉታል፤ እሷ ባዶ እቅፏን ወደ እናቷ ቤት ትሸኛለች። ወንድሞቹ ደግሞ አስቀድመው የሟቹን ጋቢ ተራ በተራ ለብሰው፣ ስለ ልጁ የሚያውቁትን በሐቅ መናገር አለባቸው። በዚያ ጋቢ ውስጥ የሚዋሽ ሰው ልጁን ይገድለዋል ብለው ያምናሉ።

ገላው ጋቢውን ለበሰ። «ድማሚት ጆሮዬን ካደነቆረው ቆየ። የቤተ ክርስቲያን ደወል እንኳ አይሰማኝም። የሰው ነገር የምረዳው ከንፈር አይቼ ነው። ያን ቀን ምንም አልሰማሁም። ጣሳውን ስታነሺ ማየት አቅቶኝ ዋሸሁ። ስታምጪ ጊዜ ሬሳ የምትወልጂ መስሎኝ፣ ዓይንሽን ፈርቼ ሸሸሁ።»

አንጓች ልጇን ከእሱ አራቀች። ያ ሁሉ እንቅልፍ፣ ያ ሁሉ ምርቃት ለደንቆሮ ጆሮ ኖሯል።

ሙሉቀን ጋቢውን ለበሰ። «እኔ ከልቤ ነው ያዳመጥኩ። ሐኪሙ እንደነገረኝ ልጁ ፊቱን ወደ ሆድሽ፣ ጀርባውን ወደ ጀርባሽ አድርጎ ስለተኛ ድምፁ ጠፍቶኛል። ያልሰማሁትን ሰማሁ አላልኩም። የፈለግሁት አንቺ እንድትኖሪ ብቻ ነው። ብትጠጪው ኖሮ ግን ይህ ልጅ የለም።»

ቢተው ምርኩዙን አስቀምጦ ጋቢውን ለበሰ። «ሰምቼዋለሁ» አለ። «ያንቺ ልብ ዝግ እያለ ይመታል፤ የእሱ ይሮጣል። ሁለቱንም ለይቼ ሰምቻለሁ። ልጅ ባይኖር የወንድሜ መሬት ለእኔ ነበር፤ ከሦስታችን ኩርማን መሬት የሌለኝ እኔ ነኝ። ባትሪውም አላለቀም ነበር። ጣሳውን ስታነሺ እዚያው ቆሜ አየሁሽ። ወንዙ ውስጥ ልጥልሽ እችል ነበር፤ አልቻልኩም።»

አንጓች ሦስቱንም ጠላቻቸው፤ እውነቱ ይህ ነው። ሁሉም ፊት ላይ ብትተፋ ደስ ባላት፤ ግን ምራቅ ልጅ አያሳድግም።

ሽማግሌዎቹ «በሉ፣ የየራሳችሁን ተናገሩ» አሉ።

«ልጁ ዛሬ ያለው በእኔ ውሸት ነው» አለ ገላው።

«እናቱ ዛሬ ያለችው በእኔ ደም ነው» አለ ሙሉቀን።

«ሁለቱንም ያሻገርኩት እኔ ነኝ፤ እግሬም እዚያው ቀርቷል» አለ ቢተው።

ወዲያው ክርክሩ ተነሣ። ግማሹ «ውሸታም ፈሪ እንዴት አባት ይሆናል? ነገስ ሌላ ምጥ ሲመጣ አይሸሽም?» ይላል። ግማሹ «እውነት ተናጋሪው እኮ ነው መርዙን ያስቀቀለው» ይላል። አንዲት አሮጊት «እያወቀ ዝም ካለው ጋር አንድ አልጋ ላይ እንዴት ይተኛል?» ስትል፣ ሌላዋ «እግሩን የሰጠ ሰው ምን ይቀረዋል?» ብላ መለሰችላት። አንጓችን የጠየቀ አሁንም የለም።

ሦስቱ ወንድማማቾች ተደርድረው ጭናቸውን አመቻችተው ተቀምጠዋል። ፀሐይዋ ጋራው ጫፍ ላይ ደርሳለች። አንድ ሽማግሌ ልጁን ሊቀበላት ክንዱን ዘርግቶ ቀርቧል። አንጓች ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ተነሣች።

እንግዲህ ዳኝነቱ የእናንተ ነው። እናንተ ብትሆኑ፣ ሕፃኑን የማን ጭን ላይ ታስቀምጡት ነበር?