ቀይ ሰም የበዛበት ግምጃ ቤት

አንድ ንጉሥ ነበር። ሰላዮቹ የሚልኩለትን ወረቀት በግምጃ ቤት የሚጠብቅ ባሻ ወልደየስ የሚባል የምስጢር ሹም ነበረው። ምስጢር የሆነ ወረቀት በቀይ ሰም ይታተማል። ምስጢር ያባከነ ሹም ይታሰራል፤ ያለ ምክንያት አተምክ ተብሎ የተቀጣ ግን የለም። ስለዚህ ባሻ ያገኘውን ሁሉ ያትም ነበር። የንጉሡ በቅሎ ጥርሷን እንደታመመች የሚገልጸው ወረቀት ሳይቀር ቀይ ሰም ነበረበት!

ንጉሡ ይህን ሲሰማ ወይዘሮ ትርንጎ የተባለች፣ በፍርድ አዋቂነቷ የተከበረች አሮጊት የታተመውን እየከፈተች እንድትመረምር ሾመ። ባሻ አኮረፈ።

«ንጉሥ ሆይ፣ አላመኑኝም ማለት ነው?»

«አምንሃለሁ። ግን አታሚውም አንተ፣ ማኅተሙ ተገቢ ነው ብለህ የምትፈርደውም አንተ መሆንህ አላማረኝም» አለው ንጉሡ።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ትርንጎ ከወር በፊት የታተመ ደብዳቤ ከፈተች። በጠላት አገር ሸማኔ መስሎ የሚኖር ሰላይ የላከው ነው። «የገበያ ድልድያችንን ተሸካሚ ግንድ ምስጥ እንደጨረሰው የዚህ አገር ወታደሮች ሲያወሩ ሰማሁ» ይላል። በማግስቱ ገበያ ነው።

«ባሻ፣ ይህን ለምን አተሙት?»

«ድልድዩ መዳከሙን ጠላት እንዳያውቅ ነዋ!»

«ጠላትማ ያውቃል፤ ወሬው የመጣው ከእሱ ዘንድ አይደል እንዴ? የማያውቁት ነገ የሚሻገሩት የእኛ ሰዎች ናቸው።»

ባሻ ክው አለ። «የሰላዩ ስምም አለበት እኮ» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«እሱስ ልክ ነዎት። ስሙ ይታተም፤ ድልድዩ ይነገር።»

የሰላዩን ስምና መኖሪያ መልሳ አተመች። የድልድዩ ነገር በዚያው ቀን በየመንደሩ ታወጀ። በማግስቱ አናጢዎች ግንዱን በመጥረቢያ ቢመቱት ዱቄት ሆኖ ረገፈ። ባሻ ወንዙ ዳር ቆሞ ዶሮና ቅቤ ይዘው ጥገናውን የሚጠብቁትን ሰዎች አየ። ከመካከላቸው ሕፃናት ያዘሉም ነበሩ። ቀጥ ብሎ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ሄደ።

«እመቤቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንደ ባለጋራ አይቼዎት ነበር። የስንት ሰው ደም ከጫንቃዬ አወረዱልኝ!»

«እኔም አመሰግናለሁ። እርስዎ ስሙን ባይጠብቁ ኖሮ ይህን ወሬ የሚልክልን ሰው በሕይወት አይገኝም ነበር» አለችው።

ምስጢር ጠባቂ ለአገር ያስፈልጋል። ጠባቂውንም የሚጠይቅ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል፤ ያ ዓይን የሚያየው ለማዋረድ ሳይሆን ከጥፋት ለማዳን ነው። እናንተስ ስህተታችሁን በጊዜ ያሳያችሁን ሰው አመስግናችሁታል ወይስ እስከ ዛሬ አኩርፋችሁታል?