የሆቴሉ ክፍት ቦታ

በአዳማ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ሠራተኛ አልበረክት አለ። ሥራ አስኪያጁ አቶ መኩሪያ በእንግዳ ፊት ያልሰደቡት አስተናጋጅ ስላልነበረ፣ የተቀጠረው ሁሉ የመጀመሪያ ደመወዙን እንኳ ሳይጠብቅ ይጠፋል። እሳቸው ግን ጥፋቱን ሁሉ በዘንድሮ ወጣት ላይ ጥለው፣ ስድስት ክፍት ቦታ የሚሞላላቸው ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ለመምረጥ ተሰየሙ። የቦርዱ ሰብሳቢ ወይዘሮ ስንዱም ምርጫውን ሊያዩ አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

«የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው» አሉ አቶ መኩሪያ። «የዚህ ሆቴል ጉድለት ምንድን ነው?»

የመጀመሪያው ባለኤጀንሲ «ምንም ጉድለት አላየሁም» ቢላቸው «የማያይ ሰው ምን ያደርግልኛል?» ብለው አስወጡት። ሁለተኛው «ደመወዙ ትንሽ አነስ ይላል» ቢላቸው «ባለጌ» ብለው አባረሩት።

ሦስተኛዋ ከመናኸሪያው ጀርባ በአንዲት ጠባብ ክፍል የምትሠራ ሴት ነበረች። ገበያ ከራቃት ስለሰነበተ ይህን ሥራ አጥብቃ ትፈልገዋለች።

«እርስዎ በሚመሩት ቤት ጉድለት ከየት ይመጣል?» አለች ጎንበስ ብላ። «ስህተቱ ያለው ያወጡት ማስታወቂያ ላይ ነው። ስድስት ክፍት ቦታ ይላል፤ የሚያስፈልገው ግን አንድ ብቻ ነው።»

አቶ መኩሪያ ደስ አላቸው። «ይቺ ሥራ ታውቃለች። የትኛው ነው እሱ?»

«እርስዎ የተቀመጡበት ነዋ። እሱ ክፍት ከሆነ ሌሎቹ በራሳቸው ይሞላሉ።»

አቶ መኩሪያ በሩን ሊያሳዩዋት እጃቸውን ሲያነሱ፣ ወይዘሮ ስንዱ ወደ ሴትዮዋ ዘወር አሉ።

«ቆዪ እስቲ የኔ ልጅ» አሏት፤ «ለዚያ ቦታ የሚሆን ሰው ይኖርሻል?»