ያልተሰማው ቤዝ ጊታር

አንድ ስመ ጥር የሮክ ዘፋኝ ነበር። ድምፁ አዳራሽ ያናውጣል፤ ይህንንም ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ከባንዱ ልጆች መካከል ግን ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጉደታ አይጥመውም። ጉደታ መድረክ ላይ አይዘል፣ አይጨፍር፤ ጥጉን ይዞ ወፍራሞቹን ክሮች ሲነካካ ያመሻል። ዘፋኙ ሊያሰናብተው ቆረጠ።

አዲሱን ዘፈን ሁሉም አንድ ላይ ተጫውተው በቀረጹ ማግስት፣ ዘፋኙ ብቻውን ወደ ቀረጻ ባለሙያው ወደ ጋሽ መንገሻ ሄደ።

«ጋሼ፣ የጉደታን ቤዝ ያውጡልኝ። በሌላ ሰው አስጫውተዋለሁ። ኖረም አልኖረም ለውጥ የለውም።»

«ለመሆኑ ሰምተኸዋል?»

«አብሬው ስንት ዓመት ዘፍኜ!»

«እሱንማ አውቃለሁ። ሰምተኸዋል ወይ ነው ያልኩህ» አሉና የጆሮ ማዳመጫውን አቀበሉት።

መጀመሪያ ድራሙን ብቻ አሰሙት። ዘፋኙ ጩኸት ብቻ ይመስለው በነበረው ውስጥ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚያካፋ ዝናብ ለስለስ ያለ ምት አገኘ። ከራሱ ድምፅ ጋር ሊድ ጊታሩን አስከተሉለት፤ እሱ ቃል በጨረሰ ቁጥር ጊታሩ ቀስ ብሎ ይመልስለታል። የራሱ ዘፈን መሆኑን ተጠራጠረ።

በመጨረሻ የእሱን ድምፅና የጉደታን ቤዝ ብቻ አስቀሩለት። አዝማቹ ጋ ሲደርስ ዘፋኙ ትንፋሹን ሲሰበስብ ዘገየ። ጉደታ ግን የያዛትን ድምፅ አልለቀቀም። እሱ እስኪገባ ድረስ ስቦ ጠበቀውና አብረው ገቡ። ሁለተኛው አዝማች ላይም እንዲሁ። የድሮ ዘፈኖቹንም አስከፈተ፤ በሁሉም ዘግይቷል፣ በሁሉም ተጠብቋል። ማዳመጫውን አወለቀ።

«አንድ ቀን እንኳ ነግሮኝ አያውቅም» አለ።

«ሲነግርህማ ኖሯል» አሉት ጋሽ መንገሻ።

በማግስቱ ልምምድ ላይ አዝማቹ ሲደርስ ዘፋኙ ያቺን ድምፅ ሰማት። እሷን ሲያዳምጥ መግባቱን ረሳ። ጉደታ ለምን እንደሆነ አላወቀም፤ ብቻ ድምፁን ይዞ ቆየ።

ወዳጄ፣ ብዙዎቻችን በሰዓቱ የደረስን የሚመስለን ሰው ጠብቆን ነው። ከጎናችን ያለውን ሰው አያስፈልግም ከማለታችን በፊት፣ የራሳችንን ድምፅ ዝቅ አድርገን እንስማው። አንተን ሳትሰማው የሚጠብቅህ ማን ይሆን?