ሹፌሩና የካቢኔቱ በሮች

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር በሞጆ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ መርዕድ ይባላል። አርባ ዓመት ሙሉ ከወደብ ወደ መሃል አገር ጭነት ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በሹፌሮች ዘንድ በአንድ ነገር ይታወቃል፤ መኪናውን ሦስት ጊዜ ዞሮ ሳያይ ሞተር አያስነሳም። ገመዱን ይጎትታል፣ ሸራውን ይነካካል፣ ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ የኋላውን መዝጊያ ገፋ ገፋ ያደርጋል። ጓደኞቹ "መርዕድ መኪናዋን ሊያገባት ነው እንዴ?" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱ ግን አይስቅም። በወጣትነቱ አንድ ቁልቁለት ላይ የኋላው መዝጊያ ተከፍቶ የጫነው ስንዴ በየገደሉ ሲበተን በመስታወት አይቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ በደንብ ያልተዘጋ ነገር ይዞ መንገድ ወጥቶ አያውቅም። ልማዱም ደግ ልማድ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ከሞት አድኖታል።

ሚስቱ የሺመቤት ትባላለች። እሱ አገር ሲያይ እሷ ቤት ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ሲመጣ ያየውን ሁሉ ይነግራታል፣ እሷም ሽንኩርቷን እየከተፈች ትሰማዋለች። ከነገራት ሁሉ አንዱን ብቻ አላመነችውም። አንድ ጊዜ አርባ ምንጭ ጭነት አድርሶ ሲመለስ፣ "ከፍ ካለ ቦታ ሆነሽ ስታዪ ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተዋል። አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ሰማያዊ" አላት።

"ውሃ ከውሃ ጎን ተኝቶ እንዴት መልኩ ይለያያል? ሂድ ወዲያ፣ ውሸታም!"

"እውነቴን ነው የሺ!"

"አሳየኝና አምንሃለሁ።"

ይህች ነገር በመካከላቸው የዘላለም ጨዋታ ሆና ቀረች። ከሩቅ መንገድ በተመለሰ ቁጥር "እነዚያ ሐይቆችህ አሁንም አልተቀላቀሉም?" ትለዋለች። እሱም "ጡረታ ልውጣ እንጂ ወስጄ አሳይሻለሁ" ይላታል።

ጡረታ ሲወጣ ቃሉን ለመፈጸም ተነሳ። አንዲት ትንሽ ተጎታች ገዝቶ ጋራዥ አስገባት። ግድግዳና ጣሪያ አስበየደላት፣ ከአሮጌው ፒክአፑ ኋላ የምትሳብ ቤትም አደረጋት። ሁለት ሰው የሚያስተኛ አልጋ፣ አንድ ሰፊ መስኮት፣ የጋዝ ምድጃና የዕቃ ማጠቢያ ያላት ጠባብ ኪችን ነበራት። ጎረቤቶች "መርዕድ እንደ ቀንድ አውጣ ቤቱን አዝሎ ሊሄድ ነው" ብለው ሳቁ። የሺመቤት ግን ገብታ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየች "በል እንግዲህ፣ ጉድህ ሊወጣ ነው" አለችው። ደስ ብሏት ነበር።

በዚያው ክረምት ዓይኗ ያስቸግራት ጀመር። ሐኪሙ መረመራትና የዓይን ግፊት ነው አለ። "የጠፋው እይታ አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው፤ ምን ያህል እንደሚያቆየው ግን እርግጠኛ ሆኜ አልነግራችሁም። ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ለነገ አይበሉ" አላት። ከሐኪም ቤት ሲወጡ መርዕድ እጇን ይዟት ነበር። በአደባባይ እጇን ሲይዝ ያ የመጀመሪያው ነው።

መስከረም ላይ ተጎታቿ አለቀች። የቀረው ስኒና ሳህን የሚቀመጥበት የኪችን ካቢኔት በሮች ብቻ ነበሩ። ሁለት በሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከሻይ ትሪ አይሰፉም። ሰው ከሁለት በር ምን ያህል ጣጣ ያወጣል? መርዕድ ግን ሐኪሙ የነገረውን በራሱ መንገድ ተረድቶት ነበር። ሚስቱ ብርሃኗ ሳይሄድ የምታየው የመጨረሻው ቤት ይህ ነውና እንከን ሊኖረው አይገባም አለ። በዚያ ላይ ሹፌር ነው። የመኪና ላይ በር ሲከፈት ምን እንደሚመጣ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሁሴን የሚባል የሰፈሩን አናጢ ጠራ። መጀመሪያ የዋንዛ እንጨት በር አሠራ። ያምር ነበር፤ ተጎታቿን ይዞ ከተማውን አንድ ዙር ዞሮ ሲመለስ ግን ክብደቱ ማጠፊያውን አጉብጦት አገኘው። አስነቀለው። ኅዳር ሆነ።

"መጋረጃ ስቀልበትና እንሂድ" አለችው የሺመቤት።

"መጋረጃ? በመጀመሪያው ኩርባ ስኒው ሁሉ ወለል ላይ ነው የሚወርደው።"

"ይውረዳ! ሌላ ስኒ እንገዛለን።"

"የሺ፣ አርባ ዓመት ጠብቀሽ ጨርቅ በተንጠለጠለበት ቤት ይዤሽ ልዙር? አላደርገውም።"

"እንግዲያው በአውቶቡስ ውሰደኝ። እኔ የምፈልገው ሐይቁን ነው፣ ካቢኔቱን ነው እንዴ?"

መርዕድ ይህን እንደ ቀልድ አየው። ቀጥሎ ኤምዲኤፍ ከሚሉት የተጨመቀ እንጨት የተሠራ የሚያብለጨልጭ በር አስገጠመ። ሻይ ተፍልቶ ሲሞከር የምድጃው እንፋሎት ጠርዙን አሳበጠውና አልዘጋ አለ። ያንንም አስነቀለው። ጥር ሆነ። ከዚያ ወደ ጎን የሚንሸራተት የአሉሚኒየም በር መጣ። እሱ ደግሞ መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንኳኳል። መርዕድ የሚንኳኳ ነገር ሲሰማ ልቡ አያርፍም፤ አርባ ዓመት የኖረው የሚንኳኳውን ነገር እያሳደደ ነው። መጋቢትም በዚህ አለፈ።

በእነዚህ ወራት የሺመቤት የበሩን መቃን በትከሻዋ መምታት ጀምራ ነበር። ሻይ ስትቀዳ ከስኒው ጎን ታፈሳለች። ባሏ ያያል፣ ያዝናል፤ ከዚያ ተነስቶ ሌላ በር ፍለጋ ይሄዳል። ሐዘኑን የሚወጣው በዚያ ነበር። ቤት ተቀምጦ አብሯት ማልቀስ አያውቅም፤ የሚያውቀው መጠገን ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ሁሴን ሁለት የቀለም ናሙና ይዞ መጣ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ የማር ቀለም። መርዕድ ሁለቱን ጣውላዎች ፊቷ ላይ አቁሞ "በይ ምረጪ" አላት።

የሺመቤት ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ "አረንጓዴው ይሻላል" ብላ በጣቷ የማር ቀለሙን አመለከተች።

ሁሴን አየ። መርዕድ መለኪያ ሜትሩን እየጠቀለለ ነበርና "አረንጓዴው ይሻላል" ያለችውን ብቻ ሰማ። ሲወጡ ሁሴን በር ላይ አስቆመው።

"ጋሽ መርዕድ፣ በሩን ይተዉት። ዛሬ ይዘዋቸው ይሂዱ።"

"አንተ ሥራ ሰልችቶህ ነው።"

"ሥራ አልሰለቸኝም። እትዬ ዓይናቸው…"

"ዓይኗን እኔ አውቃለሁ!" ብሎ ጮኸበት። "ለዓይኗ ብዬ አይደል የምለፋው? አንተ በሩን ሥራ።"

ሁሴን ከዚህ በላይ መናገር ፈራ። ጣውላውን ይዞ ሄደ። ኋላ ላይ "ያን ዕለት መዶሻዬን ጥዬ እምቢ ብል ኖሮ" እያለ ሲቆጭ ኖሯል።

ግንቦት ላይ በሮቹ ተገጠሙ። ከቀላል እንጨት የተሠሩ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ፣ ጥብቅ መያዣ ያላቸው ነበሩ። መርዕድ ተጎታቿን ኮረኮንች ላይ ነድቶ ፈተናት። አልተከፈቱም፣ አልተንኳኩም። በደስታ ወደ ቤት ሮጦ የሺመቤትን እየመራ አመጣት።

"እዪ እስቲ!" አላት።

እሷ እጇን ዘርግታ አየሩን ዳሰሰች፤ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ በሩን አገኘችው። ጠርዙን ከላይ እስከ ታች በቀስታ በጣቷ ተከተለችው። "ለስላሳ ነው። እጅህ ይባረክ" አለች። ቀጥላም "ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?" ብላ ጠየቀች።

መርዕድ ያን ጊዜ ገባው። አልጋው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "ለምን አልነገርሽኝም?" አላት።

"ስነግርህ ነው የከረምኩት" አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጉዞ ጀመሩ። ያን ቀን መርዕድ መኪናውን አልዞረም። ገመድ አልጎተተም፣ ጎማ አልመታም። በዝዋይ፣ በሻሸመኔ፣ በሶዶ አድርገው አርባ ምንጭ ደረሱ። በዚያ ሁሉ መንገድ የካቢኔቱ በር አንድ ጊዜ እንኳ አልተከፈተም። አንድ ስኒ አልተሰበረም።

ከፍ ካለው ቦታ ላይ አቆመና ደግፎ አወረዳት። ነፋስ ነበር። ሁለቱ ሐይቆች አርባ ዓመት እንደነገራት ጎን ለጎን ተኝተዋል። የሺመቤት ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ፊቷን ነፋሱ ወደሚመጣበት አዞረች።

"ደረስን?"

"ደርሰናል።"

"አንዱ ቡናማ ነው ያልከኝ?"

"አዎ። በግራሽ ያለው።"

"ሌላው ሰማያዊ?"

"ሰማያዊ ነው የሺ።" እያለቀሰ ነበር።

ከዚያ እጁን ፈልጋ ያዘችውና "እሺ፣ አምኜሃለሁ" አለችው።

በዕድሜው ሙሉ ይህን ቃል ከአፏ ለመስማት ሲጓጓ ኖሯል። በዚያች ሰዓት ግን ውሸታም ብትለው በወደደ ነበር።

እኔ ይህን ሰው ክፉ ልለው አልችልም። ሰነፍም አልነበረም፤ ሚስቱንም ይወዳት ነበር። የተሳሳተው የጭነት መንገድን ሕግ ለሚወዳት ሰው መጠቀሙ ላይ ነው። ጭነት ሁሉም ነገር እስኪታሰር ቆሞ ይጠብቃል፤ ስንዴ ቢዘገይ ስንዴ ነው። ሰው ግን እንደዚያ አይደለም፤ እኛ በሩን ስናስተካክል እሱ እያለፈ ነው። ለምንወደው ሰው የተሟላ ነገር ልንሰጠው ስንለፋ፣ እሱ የለመነን ያልተሟላውን ነገር እንደሆነ እንረሳለን። የሺመቤት የለመነችው አንድ መጋረጃና አንድ ቀን መንገድ ነበር።

ሁለቱ አረንጓዴ በሮች ዛሬም ጥብቅ ብለው ይዘጋሉ ይባላል። ተጎታቿ ከዚያ ወዲህ ከሞጆ ወጥታ አታውቅም።

እናንተስ? "ይህችን ብቻ ልጨርስ" እያላችሁ ያቆያችሁት ማንን ነው? ያ ሰው ዛሬ ምን እያላችሁ እንደሆነ ሰምታችሁታል?